መራራው ኮክቴል ጅማ ሲደርስ፦ ውስኪና ኮረሪማ እንዴት ይስማማሉ?

ጓደኛዬ ቀዩን ብርጭቆ አንስቶ አንዴ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ኮሶ ነው እንዴ?» አለኝ። ጅማ ነን፤ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ። ሜኑው ላይ «ኔግሮኒ» የሚል ስም አይቶ፣ ስሙ ስላማረው ብቻ ነው ያዘዘው። ቀለሙን ሲያይ ደግሞ የሚጣፍጥ መስሎት ነበር። አስተናጋጁ ደንገጥ ብሎ «ስኳር ላምጣ?» አለ። ስኳሩ መጣ፣ ተጨመረ፣ ተማሰለ። መጠጡ መራራም ጣፋጭም ሳይሆን ቀረ። ብርጭቆው እንዳለ ተመለሰ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይኸው ሰውዬ ቡናውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፤ አቦሉንም ቶናውንም። ጌሾው ጠንከር ያለ ጠላ ሲያገኝ ደግሞ «ጠላ ማለት ይሄ ነው» ይላል። ታዲያ መራራው እዚያ ሲሆን ጣፍጦት፣ እዚህ ሲሆን ለምን ኮሶ ሆነበት?

ይህን ጥያቄ ስንመልስ ኮክቴሉም ይገባናል። ከዚያ በኋላ የውስኪውን ዓይነት እንሰራለን፤ የጅማን ኮረሪማ ጨምረን።

ኔግሮኒ ምንድን ነው?

ሦስት መጠጥ ነው። ጂን፣ ካምፓሪ የሚባለው መራራ ቀይ መጠጥና ቀይ ቬርሙት የሚባለው የተቀመመ ወይን፤ እኩል በእኩል፣ እያንዳንዱ 30 ሚሊ ሊትር። በበረዶ ይማሰላል፣ የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። በቃ።

የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ በሦስት እግሩ የሚቆመውን። ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ አይወዛወዝም። አንዱ እግር ካጠረ ግን ተቀማጩን ይጥለዋል። ኔግሮኒም እንዲሁ ነው። ጂኑ ጉልበቱን፣ ካምፓሪው ምሬቱን፣ ቬርሙቱ ጣፋጩን ይዞ ይቆማል። አስተናጋጁ ስኳር ሲጨምር ያደረገው አንዱን እግር በመጋዝ እንደመቁረጥ ነው።

መነሻው ጣሊያን ነው። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ይላል። በ1919 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ውስጥ ካሚሎ ኔግሮኒ የተባለ ባለማዕረግ ካፌ ካሶኒ ገባ። የተለመደውን አሜሪካኖ አዘዘና «ዛሬ በሶዳው ፋንታ ጂን አድርግበት» አለው፤ ባርቴንደሩን ፎስኮ ስካርሴሊን። አሜሪካኖ ሲባል ቡናው እንዳይመስላችሁ። ጅማ ካፌ ገብታችሁ አሜሪካኖ ብትሉ ውሃ የበዛበት ቡና ይመጣላችኋል። የጣሊያኖቹ የድሮ አሜሪካኖ ግን ካምፓሪ፣ ቬርሙትና ሶዳ ነው።

ውስኪው የት ገባ?

ፓሪስ ገባ፣ በ1920ዎቹ። ኧርስኪን ግዊን የሚባል አሜሪካዊ እዚያ «ቡልቫርዲዬ» የተሰኘ መጽሔት ያወጣ ነበር። ቃሉ በፈረንሳይኛ በሰፋፊው ጎዳና ላይ ሽር ብትን የሚል ሰው ማለት ነው። የፓሪሱ የሃሪስ ኒው ዮርክ ባር ባለቤት ሃሪ ማክኤልሆን በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የዚህን ሰው መጠጥ ጠቀሰው። ከጂን ይልቅ ቡርቦን ውስኪ የገባበት ነው። ስሙም በመጽሔቱ ስም ቀረ።

ያኔ ሦስቱም እኩል ነበሩ። ዛሬ በብዛት የሚሰራው ግን 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ቬርሙት ነው። ለምን ቢባል፣ ጂን ሽታው ሹል ነው፤ ካምፓሪን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ውስኪ ለስላሳ ነው። በርሜሉ የሰጠው ጣፋጭ ሽታ አለው፤ እኩል ከሆነ ካምፓሪው ይውጠዋል። ስለዚህ አንዱ እግር ረዘም ተደረገ። መሬቱ ራሱ ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ በርጩማው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ምላሳችን መራራን ለምን ይጠላል?

ብዙ መርዛማ ተክሎች መራራ ስለሆኑ ነው። ምላስ ጣፋጭን የሚለይበት መቀበያ አንድ ዓይነት ነው። መራራን የሚለይበት ግን ወደ 25 ዓይነት አለው። ለእንግዳ አንድ በር፣ ለሌባ 25 ውሻ እንዳለው ግቢ ማለት ነው።

ውሻ ደግሞ ሰው ይለምዳል። መጀመሪያ ቀን የጮኸበትን ሰው በሳምንቱ ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። ጓደኛዬ ቡናን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሽታው ከእናቱ ቤት፣ ከእጣኑ፣ ከፈንዲሻው ጋር የተያያዘ ነው። ካምፓሪ ግን የማያውቀው ሰው ነው። ውሾቹ ሁሉ ተነስተው ጮሁ።

ምሬትን የሚያለዝበው ስኳር ብቻ ነው የሚለው ሐሳብም ልክ አይደለም። ጨውም ያለዝበዋል። ጅማ ዙሪያ ገጠር የሄደ ሰው ቡና በጨው ተጋብዞ ያውቃል። ከተሜው ይስቃል እንጂ ነገሩ ትክክለኛ ብልሃት ነው። ጥቂት ጨው ምላሳችን መራራውን የሚሰማበትን ኃይል ይቀንሳል፤ መጠጡን ግን ጨዋማ አያደርገውም። ኮክቴል የሚሰሩ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። አንድ እጅ ጨው በአራት እጅ ውሃ አሟሙተው ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ጠብታ ጠብ ያደርጋሉ። ለዚያ ለጓደኛዬ ብርጭቆ ከስኳሩ ማንኪያ ይልቅ ይሄ ይሻለው ነበር።

ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ካምፓሪን በ1860 እ.ኤ.አ. ጋስፓሬ ካምፓሪ የተባለ ሰው በጣሊያኗ ኖቫራ ከተማ ውስጥ ሰራው። እፅዋትና የፍራፍሬ ልጣጭ በአልኮልና በውሃ ተነክረው፣ ስኳር ተጨምሮበት የሚገኝ ነው። ቅመሙ ምን ምን እንደሆነ ኩባንያው አይናገርም። ቀዩ ቀለሙ ለረጅም ዘመን የሚገኘው ከነፍሳት ነበር። ቁልቋል ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት አለች፤ ደርቃ ስትፈጭ ደማቅ ቀይ ትሰጣለች። ይህን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። በቂ መከራ አይቷል።

ቬርሙት ወይን ነው። ትንሽ ጠንካራ አልኮል ተጨምሮበት በእፅዋት የተቀመመ ወይን። ስሙ የመጣው ጀርመኖች ለአንድ መራራ ተክል ካላቸው ስም ነው። ያ ተክል የእኛ የአሪቲ ዘመድ ነው። አሪቲን ጣት ላይ አሽታችሁ ካሸተታችሁት የቬርሙትን ግማሽ ታሪክ አወቃችሁ ማለት ነው። ባር ውስጥ «ቬርሙት አለ?» ስትሉ ግራ ከገባቸው «ማርቲኒ ሮሶ» በሉ። ብዙዎች በዚያ የምርት ስም ነው የሚያውቁት። ማርቲኒ የሚባለው ኮክቴል ግን ሌላ ነው፤ አታምታቱት።

ቬርሙት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ኮክቴል የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። ወይን ነው ብያለሁ። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ አየር ይገባበታል፣ እንደከረመ ጠጅ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር ይቆያል። ባር መደርደሪያ ላይ ከመብራት ሥር ዓመት ያስቆጠረ ቬርሙት ካያችሁ ቢራ እዘዙ።

ውስኪው ዋናው ቡርቦን ወይም ራይ ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ውስኪዎች ናቸው። ቡርቦን ቢያንስ 51 በመቶ እህሉ በቆሎ የሆነ፣ ውስጡ በተቃጠለ አዲስ የኦክ በርሜል የከረመ ነው። ጅማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ግን የስኮትላንዱ ነው። ይሆናል። የጭስ ሽታ የሚበዛበትን ብቻ ተዉት፤ ከኮረሪማው ጋር ይጣላል።

ለምን ኮረሪማ?

አገሩ እዚህ ስለሆነ። ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ጥላ ሥር የሚበቅል፣ የዝንጅብል ቤተሰብ የሆነ ተክል ነው። ከውጭ ከሚመጣው ሄል ጋር ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሄሉ ትንሽና አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ወደ አበባ ያደላል። ኮረሪማው ትልቅና ቡናማ ነው። ቀዝቀዝ የሚል፣ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ አለው። ያ ቀዝቃዛነት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ዘይቱ ውስጥ ባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው ዓይነት ንጥረ ነገር ይገኛል።

ይህን መያዝ ጠቃሚ ነው። ኮረሪማ በልኩ ሲሆን ካምፓሪ ካለው የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ጋር ይዋደዳል። ሲበዛ ግን ባሕር ዛፉ ይወጣል። የመጀመሪያ ሙከራዬን ሁለት ሳምንት ሙሉ ነክሬ ረሳሁት። ስከፍተው ቤቱ በሙሉ የጉንፋን ቅባት ሸተተ። ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ ሄደ።

ገበያ ስትገዙ በክር ተሰክቶ የሚሸጠውን፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውን ምረጡ። ስትነቀንቁት ውስጡ ሊንቀጫቀጭ ይገባል። አንዳንዱ በጭስ የደረቀ ነው፤ አሽትታችሁ ለዩ። መርካቶ የምገዛቸው እናት «ለወጥ ነው ለቡና፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ለቡና ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ለውስኪ ነው ብዬ ፊታቸው የሚሆነውን ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ቅመሙ ብርጭቆው ውስጥ ነው ጠርሙሱ ውስጥ?

ጠርሙሱ ውስጥ። ምክንያቱን ለማወቅ ቅቤ ሲነጠር አስቡ። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን ከቅቤው ጋር ታፈላላችሁ። ከዚያ ታጠሉትና ቅመሙን ትጥላላችሁ። ቅመሙ ተጣለ፣ ሽታው ግን ቅቤው ውስጥ ቀረ። የቅመም ሽታ ዘይት ነው። ውሃ ውስጥ መግባት አይወድም፤ ስብና አልኮል ውስጥ ግን በደስታ ይገባል። ውስኪ 40 በመቶ አልኮል ነው። የቅቤውን ሥራ ይሰራል፤ እሳት እንኳ አያስፈልገውም።

የተፈጨ ቅመም ብርጭቆ ላይ መነስነስ ግን ሌላ ነገር ነው። ዱቄቱ ይንሳፈፋል፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ መጠጡን ያደፈርሰዋል።

እኔ የምጠቀምበት ልክ ይኸው። ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር ውስኪ አድርጉ። አንድ ኮረሪማ ፈልፍሉና የውስጡን ፍሬ ግማሹን ብቻ ውሰዱ። በሙቀጫ ፍንክት አድርጉት እንጂ አትፍጩት። ጣት የምታህል የቀረፋ እንጨት፣ ሁለት ቅርንፉድ፣ አምስት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። ከድናችሁ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ።

ከዚያ ቅመሱ። ሁሉም ቅመም ሩጫው እኩል አይደለም። ቅርንፉድ ቸኩሎ ይወጣል፤ ውስጡ ያለው ዘይት የጥርስ ሐኪሞች ድድ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ሲበዛ ምላስ ያፈዛል። ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆነው አውጡት። ኮረሪማው 12 ሰዓት ይበቃዋል። ፍሬው ስለሚበተን በትንሽ ጨርቅ ቋጥራችሁ ብትነክሩት ለማውጣት ይቀላል። ቀረፋው እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ነጠላ ወይም በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥሉት። አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቅመም መጥፎ አልኮልን ጥሩ አያደርግም። ምንጩ ያልታወቀ ወይም ተመሳስሎ የተሰራ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል። ሜታኖል ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ኮረሪማ ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። የታሸገና ማሸጊያው ያልተነካ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ።

እሺ፣ እንዴት ይቀላቀላል?

መጀመሪያ በረዶው። ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና በቡና ሲኒ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። የሲኒ ቅርጽ ያለው ትልቅ በረዶ ይወጣል። ትልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ደቃቅ በረዶ ግን መጠጡን ቶሎ ውሃ ያደርገዋል።

በትልቅ ብርጭቆ 45 ሚሊ ሊትር የተቀመመ ውስኪ፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ቀይ ቬርሙት አድርጉ። ልኩን በግምት አትስሩት። የአረቄ መለኪያ ካላችሁ ስንት እንደሚይዝ አንዴ በሕፃናት ሽሮፕ ኩባያ ለኩትና ሁልጊዜ በእሱ ስሩ። በረዶ ሙሉበትና በረጅም ማንኪያ ለ30 ሰከንድ ያህል አማስሉ። አጭር ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ያንን የሲኒ በረዶ አስቀምጡና አጥልላችሁ ገልብጡበት። ብርሌ ያምራል፤ ግን በረዶው በአንገቱ አይገባም። ሞክሬዋለሁ።

ለምን ይማሰላል እንጂ አይናጥም? ሎሚ፣ ወተት ወይም እንቁላል ያለበት መጠጥ ይናጣል፤ አየር እንዲገባበትና እንዲዋሃድ። ይሄኛው ሁሉም አልኮል ነው። ቢናጥ ይደፈርሳል፣ አረፋ ይይዛል። ሲማሰል ግን ጥርት ብሎ ይቀዘቅዛል። ከበረዶው የሚሟሟው ውሃም ስህተት አይደለም፤ የአሰራሩ አካል ነው። ያለ እሱ መጠጡ ያቃጥላል።

መጨረሻ ላይ ብርቱካን። በደንብ ታጥቦ፣ ቆዳው በስሱ ይላጥ። ነጩ ክፍል ሌላ ምሬት ስለሚያመጣ አትንኩት። ልጣጩን ብርጭቆው ላይ ጎንበስ አድርጋችሁ እጠፉት። የማይታይ ዘይት ይረጫል። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ያ ሽታ ነው፣ ምሬቱ ሁለተኛ ይመጣል። ሁለቱን የጨው ጠብታም አትርሱ።

ካምፓሪ ካላገኘሁስ?

ፈርኔት ባር ውስጥ አይጠፋም። ብዙ ሰው ለሆድ ብሎ ይጠጣዋል። እሱም የመራራዎቹ ወገን ነው፤ ግን ከካምፓሪ እጅግ ይበረታል። 30 ሚሊ ሊትር ብታደርጉበት ሌላውን ሁሉ ይደፈጥጠዋል። ስለዚህ መንገዱን ቀይሩ። 60 ሚሊ ሊትር የተቀመመ ውስኪ፣ ከሰባት ስምንት ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ፈርኔት፣ የዚያኑ ያህል በውሃ የቀጠነ ማር። ይህ ከቡልቫርዲዬ ይልቅ «ቶሮንቶ» ለሚባለው የቆየ ኮክቴል ይቀርባል። ለእኔ ግን ኮረሪማ ያለበት ውስኪ ከማር ጋር እዚህ ላይ የበለጠ ያምርበታል።

ምን ያህል ይመታል?

ጣፋጭም መራራም ስለሆነ ጉልበቱ አይታወቅም። እናስላው። 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ ውስጥ 18 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ካምፓሪው 25 በመቶ ቢሆን 7.5 ይጨምራል። ቬርሙቱ 16 በመቶ ቢሆን 4.8። በድምሩ ወደ 30 ሚሊ ሊትር። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ያለው 16.5 ነው። ስለዚህ አንዷ ትንሽ ብርጭቆ ሁለት ቢራ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። ቅመሙም ቡናውም ስካርን አይቀንስም። ጠጥቶ ባጃጅ መጥራት እንጂ መንዳት የለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ደግሞ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

አልኮል ለማይጠጣስ?

ጅማ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ እንግዳ ስትቀበሉም ግማሹ የማይጠጣ ይሆናል። ካርካዴ ወፍራም አድርጋችሁ ከቀረፋ፣ ከሁለት ቅርንፉድና ከጥቂት ኮረሪማ ጋር አፍሉ። ቀለሙ ከካምፓሪው ቀይ አያንስም። አጥልላችሁ አቀዝቅዙ፣ ማር ጠብ አድርጉበት። ግማሽ ብርጭቆ ካርካዴ ላይ ግማሽ ቶኒክ ጨምሩ። የሲኒው በረዶና የብርቱካኑ ልጣጭ እንዳለ ይቀጥላል።

ምሬቱን እዚህ የሚይዘው ቶኒኩ ነው፤ ውስጡ ኩዊኒን አለ። የድሮው የወባ መድኃኒት። «ኪኒን» የምንለው ቃል ራሱ ከእሱ ነው የመጣው። ጓደኛዬ ይሄኛውን እስከ ጭላጩ ጠጣው፤ ከዚያ ውስጡ ያለው የወባ መድኃኒት መሆኑን ስነግረው ብርጭቆውን ትንሽ ራቅ አድርጎ አየው።